በአንድ ድምፀ ተዓቅቦ

በዚህ አገር ስብሰባ ካለ ያ ሰው የግድ አለ። እድር ይሁን፣ የወላጅ ኮሚቴ ይሁን፣ ሰበካ ጉባኤ ይሁን፣ ቀበሌ ይሁን ለውጥ የለውም። ሰብሳቢው «የሚደግፍ?» ሲል እጅ እንደ ማሽላ ይቆማል። «የሚቃወም?» ሲል ሰው ሁሉ አጎንብሶ ጫማውን ያያል። ከዚያ ሰብሳቢው ወረቀቱን እየሰበሰበ፣ ለወጉ ያህል፣ «ድምፀ ተዓቅቦ?» ይላል። ይሄኔ ከኋላ፣ ከምሰሶው ሥር፣ አንዲት እጅ ቀስ ብላ ትወጣለች። ኮፍያውን ያጠለቀው መልሶ ያወልቃል። ነጠላዋን ያጣፋችው ቁጭ ትላለች። ምሳም ከሆነ ይበርዳል፣ ማታም ከሆነ ይመሻል።

ጎንደር ውስጥ፣ ከከተማው ጫፍ ባለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ፣ ይቺ እጅ የወይዘሮ አባይነሽ ነበረች። ፊት ለፊቷ «እትዬ» ይሏታል። ዞር ስትል ግን «ክብርት ድምፀ ተዓቅቦ» ናት። ማዕረጉን የሰጠቻት ወንፊት ክፍል የምትሠራው ይርገዱ ናት። የይርገዱ ምላስ ደግሞ አንዴ ስም ከሰጠ ክርስትና እንደመነሳት ነው፣ አይፋቅም።

በክብርት ድምፀ ተዓቅቦ ከሁሉም በላይ የተበደለው ሰውአገኝ ነው። ቢያንስ ራሱ እንደዚያ ነው የሚያስበው። ሥራቸው አንድ ላይ ነዋ። እሱ ባዶውን ጆንያ ከዱቄቱ መውረጃ ሥር ይዞ ያስሞላል፣ እሷ የሞላውን ጆንያ አፉን በስፌት ማኪና ትዘጋለች። ቀኑን ሙሉ ሁለቱም እንደ ሙት መንፈስ ነጭ ሆነው ጎን ለጎን ይቆማሉ። እሱ ዓይን አፋር ነው፣ ብዙ አያወራም። እሷም በሥራ ሰዓት አታወራም። የምታወራው ዓርብ ነው። ዓርብ ስብሰባ አለ።

ችግሩ ሰርቪሱ ነው። ሠራተኛውን ወደ ከተማ የሚመልሰው አውቶቡስ ስብሰባ ሳያልቅ አይነሳም። አውቶቡሱ ደግሞ ፒያሳ ላይ ነው የሚያራግፈው። ሰውአገኝ ከዚያ ቁልቁል ወርዶ፣ የቀሃን ወንዝ ተሻግሮ፣ ዳገት ወጥቶ ነው ቤቱ የሚደርሰው። እሷ እጇን ባነሳች ቁጥር የሱ ዳገት ይረዝማል።

«እትዬ፣» ይላታል ዓርብ ዓርብ፣ ጆንያ እያቀበላት። «እስቲ ዛሬ እንኳ አንሽና እንሂድ።»

«ምኑን?»

«እጅሽን ነዋ። ከሰው ጋር።»

«ነገሩ ከገባኝ ምን ቸገረኝ። ካልገባኝ ግን ሲገባኝ አነሳለሁ።»

ይቺ ናት ቃሏ። «አልገባኝም፤ ሲገባኝ አነሳለሁ።» የሥራ ልብስ ሰማያዊ ይሁን አረንጓዴ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ አልገባትም። ዱቄት የሚበላው ሰው የኛን ልብስ የት ያያል አለች። የበር መዝጊያ ሰዓት ሲወጣ አልገባትም። ይርገዱ እንደምትለው ከሆነ ልጇን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች መጥተው፣ ተነስተው ቆመው፣ «ልጅሽን ለልጃችን» ሲሉ፣ «እኔ በዚህ ድምፅ አልሰጥም፣ አግቢዋ እሷ ናት» ብላ ሽማግሌዎቹን እንደቆሙ ትታ ጓዳ ገባች። ይርገዱ እዚያ አልነበረችም። ግን ማንም አልተጠራጠረም።

ወገኗን ለማወቅ ያልሞከረ የለም። ጊዜው ሰው ሁሉ ወገን የሚጠየቅበት ጊዜ ነው። መንግሥትን የሚደግፈው «ይቺማ የነዚያ ናት» ይላታል። መንግሥትን የሚቃወመው «ይቺማ የነሱ ጆሮ ናት» ይላታል። አንዱ ደፋር አንድ ቀን ሻይ ላይ ፊት ለፊት ጠየቃት።

«እትዬ፣ ግን አንች የማን ነሽ?»

«የማክሰኝት» አለችው የትውልድ አገሯን ጠርታ፣ ሻይዋን እያማሰለች።

የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አቶ ልዑልቃል ደግሞ በሕይወታቸው አንድ ቃል ነበር የሚወዱት። «በሙሉ ድምፅ።» ወደ በላይ በሚልኩት ሪፖርት ላይ ይቺን ቃል ሲጽፉ ፊታቸው እንደ ሙሽራ ይበራል። እና በየሳምንቱ ይቺ እጅ ትወጣና «በአንድ ድምፀ ተዓቅቦ» ብለው እንዲጽፉ ታስገድዳቸዋለች። ንጹሕ ነጭ ጋቢ ላይ የወጥ ጠብታ እንደማለት ነው። አሰቡ፣ አሰቡና አንድ ዘዴ አገኙ። ደንብ አወጡ። «ከዛሬ ጀምሮ ድምፀ ተዓቅቦ የሚያደርግ ሰው ተነስቶ ምክንያቱን ለቤቱ ያስረዳ።» የቆሎ ሻጭ ልጅ፣ የጆንያ ሰፊ፣ በሰው ፊት ቆማ ምን ልትል ነው? ታፍራለች፣ ትተወዋለች ብለው ነው። ደንቡ ወዲያው ጸደቀ፣ በአንድ ድምፀ ተዓቅቦ።

አላፈረችም። እንዲያውም ከዚያ በኋላ ስብሰባው ባሰበት። የአፍ መሸፈኛ በወር አንድ ብቻ ይሰጥ ተብሎ የቀረበ ጊዜ ተነሳችና «አልገባኝም» አለች። «ዱቄቱ ከወሩ ውስጥ የሚቦነው የትኛው ቀን ነው? እሱን ቀን ይንገሩንና ያን ቀን እንልበሰው።» አቶ ልዑልቃል አስረዱ። እንደገና አልገባትም። እንደገና አስረዱ። ሰርቪሱ ጥሩምባ ነፋ። በመጨረሻ «እሺ፣ ይሄ ነገር ይቆይ» ብለው ወረቀቱን አጠፉት፣ ነገሩም በዚያው ቀረ። ያን ማታ ሰርቪስ ውስጥ አንድም ሰው አላመሰገናትም። ሁሉም ስለ ራቱ ነበር የሚያስበው። ሰውአገኝም ቀሃን ሲሻገር ያጉረመረመው ስለ እሷ ነው።

አንድ ዓርብ ግን አጀንዳው ሌላ ሆነ። ስብሰባው የሚደረገው በስንዴው መጋዘን ነው፣ ሰው በጆንያ ላይ ይቀመጣል። አቶ ልዑልቃል ከረባት አድርገው መጡ። የአቋም መግለጫ ይዘው ነው። ቆመው አነበቡት። «እኛ የዚህ ፋብሪካ ሠራተኞች፣ አንድም ሳንቀር…» ይልና ፓርቲውን ያመሰግናል፣ የማይደግፉትን ያወግዛል፣ በመጨረሻም ከጎኑ እስከ መጨረሻው እንቆማለን ይላል። የትኛው ፓርቲ እንደሆነ እዚህ መጻፉ ጥቅም የለውም። ፓርቲው ቢቀየርም መግለጫው ያው ነው።

«የሚደግፍ?»

እጅ ቆመ። ሰውአገኝም አነሳ። መግለጫውን ግማሹን አልሰማውም፣ ዳገቱን ነበር የሚያስበው።

«የሚቃወም? የለም። ድምፀ ተ…» አቶ ልዑልቃል ቃሉን ሳይጨርሱ ምሰሶውን አዩ።

እጇ ወጥታለች።

«ምክንያትሽን ለቤቱ» አሏት፣ ጥርሳቸውን ነክሰው።

አባይነሽ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። «አንድም ሳንቀር የሚለው ጋ ነው ያልገባኝ። እኔን የጠየቀኝ የለም። ስለ ሥራዬ ይጠይቁኝ፣ ጆንያ እሰፋለሁ፣ ስፌቴ ከተፈታ ይቅጡኝ። ስለዚህ ነገር የማስበው ግን የራሴ ነው። ሐሳቤ ጓዳዬ ነው ጌታዬ። እንግዳ ሳሎን ይቀመጣል እንጂ ጓዳ አይገባም።»

«ተቃዋሚ ነሽ ማለት ነው!»

«ብሆን ቅድም አነሳ ነበር። ጠይቀው የለ?»

ከወንፊት ክፍል በኩል አንድ ሳቅ አምልጦ ወጣ። የይርገዱ ነው። አቶ ልዑልቃል የሳቀችውን ፈልገው ሲያጡ ዓይናቸውን መልሰው አባይነሽ ላይ ተከሉት። ሰውአገኝ ያን አስተያየት አይቶ ፈራ። ለራሱ አልነበረም የፈራው። ይሄም ገረመው።

ሰኞ ጠዋት ከስፌት ማኪናው አነሷትና ፉርሽካ ማከማቻ ላኳት። ከብት የሚያደልቡ ሰዎች በአህያ እየመጡ ፉርሽካ የሚጭኑበት፣ ከጓሮ ያለ ቆርቆሮ ቤት ነው። ሥራዋ መጥረግ ሆነ። ለምን ብላ ስትጠይቅ «ስብሰባ በማጓተት» አሏት። ማስጠንቀቂያም ጨመሩላት። እሷም «እሺ» ብላ መጥረጊያውን ያዘች። ማታ ላይ አህዮቹ ሲወጡ ሰውአገኝ በጓሮ በኩል አለፈ።

«እትዬ፣ ይቅርታ በይና ይመልሱሽ።»

«ምን ብዬ?»

«ተሳስቻለሁ በይ። ቃል ነው፣ ምን አለበት?»

«አልተሳሳትሁማ።» መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። «ስማ ሰውአገኝ። ተሳስተሽ አወራሽ ቢሉኝ ይቅርታ ማለት አያቅተኝም። እነሱ የቀጡኝ ዝም ስላልሁ ነው። ለዝምታ ይቅርታ እንዴት እንደሚባል አላውቅም።»

ከዚያ ፋሲካ መጣ። የፋብሪካው ሰው በየዓመቱ በሬ ገዝቶ ቅርጫ ይገባል። ሥጋው ቅጠል ላይ በመደብ በመደብ ይደለደላል። ሰው ሁሉ የየራሱን ምልክት ይሰጣል፤ ቁልፍ፣ ጠጠር፣ የሸሚዝ አዝራር፣ ስንጥር። የትኛው ምልክት የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ምልክቱን በየመደቡ ይጥላል፣ የደረሰህን ትወስዳለህ። ምላሱ ለአንተ፣ ሽንጡ ለጎረቤትህ ቢወጣ ማጉረምረም ነውር ነው። ቅርጫውን የሚመሩት የበሩ ዘበኛ አያ ወልደ ዮሐንስ ናቸው፣ ሽማግሌ ስለሆኑ።

አባይነሽ እንደ ሁልጊዜው የጆንያ መስፊያ መርፌዋን ይዛ መጣች። ምልክቷ ናት። አያ ወልደ ዮሐንስ እጃቸውን ዘረጉ፣ ከዚያ መልሰው ሰበሰቡ።

«ልጄ፣ አንችን እንዳላስገባ ታዝዣለሁ።»

ሥጋ የሚደለድሉት ቢላቸውን አስቀመጡ። ሰው እንጀራውን ይነጠቃል፣ ከማዕረግ ይወርዳል፤ ከቅርጫ መውጣት ግን ሌላ ነው። ለሞተ ሰው እንኳ ቤተሰቡ መደቡን ይወስዳል።

«ማን አዘዘዎ አያ?»

«ከላይ ነው።»

«በሬው ነው እንዴ ፓርቲ የገባው?» አለች አባይነሽ። መርፌዋን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ሰክታ፣ «እንኳን አደረሳችሁ» ብላ ወጣች።

ሰውአገኝ አዝራሩን በእጁ ጨብጦ ቆሞ ነበር። ሰጠው። ሽንጥ ወጣለት። ሽንጡን ይዞ መንገድ ዳር ወዳለው ቤቷ ሄደ፣ እስከ አጥሯ ደረሰ። ሰው እንዳያየው ግራ ቀኝ ተመለከተ። አንድ ባጃጅ ሲያልፍ ደነገጠና ሥጋውን ይዞ ተመለሰ። ያን የፋሲካ ዕለት ሚስቱ «ምነው፣ ጥርስህን አመመህ?» እስክትለው ድረስ አንዱን ቁራጭ ሲያላምጥ ዋለ።

አባይነሽ ግን ቁጭ አላለችም። ከበዓሉ በኋላ ነጠላዋን አጣፍታ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄደች፣ አቤት አለች። ይሄ በተሰማ ማግስት ከሥራ ታገደች። ፋብሪካው ግቢ እንዳትገባ ለአያ ወልደ ዮሐንስ ትእዛዝ ወረደላቸው።

በሚቀጥለው ዓርብ ስብሰባው ሻይ ሳይበርድ አለቀ። የሚደግፍ፣ የሚቃወም፣ ድምፀ ተዓቅቦ፣ በሙሉ ድምፅ፣ አመሰግናለሁ። ሰው እየተሳሳቀ ወደ ሰርቪሱ ሮጠ። ሰውአገኝ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ ገባ። ሚስቱ «ምን ተፈጠረ? አባረሩህ?» አለችው። ያን ቀን የጸደቀው ምን እንደነበር ሰኞ ጠዋት ነው ያወቁት። የአፍ መሸፈኛ፣ በወር አንድ።

«ቆይ፣ ይሄ ነገር ቀርቶ አልነበረም?» አለች ይርገዱ፣ እያስነጠሳት።

«እጅሽን አላነሳሽም?» አላት ሰውአገኝ።

«አነሳሁ። አንተስ?»

«እኔም።»

ቀጣዩ ዓርብ አቶ ልዑልቃል ፈገግ እያሉ መጡ። «ለፋብሪካችን ዕድገት ሲባል፣» አሉ፣ «የሠራተኛ ሰርቪስ እንዲቀር ቀርቧል። የሚደግፍ?»

እዚህ ላይ የሆነውን ለውጭ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። ሁሉም እጁን አነሳ። ሰርቪሱ እንዲቀር የፈለገ አንድም ሰው አልነበረም። ግን እጅ ልማድ አለው። ደግሞም ሁሉም በልቡ አንድ ነገር ነበር የሚጠብቀው። «ድምፀ ተዓቅቦ?» ሲባል እትዬ ታነሳለች፣ አልገባኝም ትላለች፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ነገሩ ይቀራል። እንደ ሁልጊዜው።

«ድምፀ ተዓቅቦ?»

ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ምሰሶው አዞረ። ምሰሶው ብቻውን ቆሟል።

«በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» አሉ አቶ ልዑልቃል።

ውጭ ሲወጡ ሰርቪሱ የለም። ሾፌሩ ቀድሞ ያወቀ ነው የሚመስለው። ካፊያ ጀምሯል። በሩ ላይ አያ ወልደ ዮሐንስ ሠራተኛው ሁሉ ሲግተለተል አይተው ግራ ገባቸው።

«ምነው ልጆቼ በእግራችሁ?»

«በሙሉ ድምፅ ነው አያ» አለች ይርገዱ። «እግራችንን በገዛ እጃችን ቆረጥነው።»

ሰውአገኝ ያን ዕለት ቤቱ ሲደርስ ጨርሶ መሽቶ ነበር። መንገዱን ሙሉ ሲያስበው የነበረው ግን ዳገቱን አልነበረም።

በነጋታው አባይነሽ ቤት ሄደ። አሁን ግራ ቀኝ አላየም። ደጃፏ ላይ ምስር እየለቀመች አገኛት።

«ኧረ ሰውአገኝ፣ ግባ። ጫማህ ምነው እንዲህ ሆነ?»

«ሰርቪሱን አጠፋነው።»

ነገራት። ምስሩን ትታ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪወርድ። ከዚያ ሳቋን ውጣ ቢሮ የሆነውን ነገረችው።

«ሸጋ ልጅ ነው ያገኘኝ። ‹ሠራተኛ በፖለቲካ አመለካከቱ ምክንያት ከሥራ አይወጣም፣ አዋጁ ይከለክላል› አለኝ። ‹አመለካከቴን ለማንም አልተናገርሁም፣ ላልተናገረስ ይሠራል?› አልሁት። ‹አለመናገርም መብትሽ ነው እትዬ› አለኝ። እና ፋብሪካውን ሌላ ምክንያት ካላችሁ አምጡ ብለዋቸዋል።»

«ሌላ ምክንያት ከየት ያመጣሉ?»

«ከናንተ።» ምስሩን ገለበጠችው። «ዓርብ እኔ ባለሁበት ስብሰባ ጠርተዋል። ‹ሠራተኛው ራሱ አብረናት አንሠራም ብሏል፣ ሰላም ነሥታናለች ብሏል› ሊሉ ነው። በሙሉ ድምፅ ከጸደቀ ፖለቲካ መሆኑ ይቀራል፣ የሠራተኛው ጥያቄ ይሆናል። ያኔ አበቃልኝ።»

ሰውአገኝ ከጎኗ ቁጭ ብሎ ምስሩን መልቀም ጀመረ። «እና ምን እናድርግ እትዬ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? አንተ የገባህን አድርግ።»

ዓርብ መጋዘኑ ጢም አለ። አባይነሽ ገብታ ከምሰሶዋ ሥር ተቀመጠች። አቶ ልዑልቃል ከረባታቸውን አድርገዋል። «የዛሬው አጭር ነው» ብለው ጀመሩ፣ ሰውም በሆዱ «የሰርቪሱም አጭር ነበር» አለ። የጥፋቷን ብዛት አነበቡ። ስብሰባ ታጓትታለች፣ የሠራተኛውን አንድነት ትበትናለች፣ ሰላም ትነሣለች። «ስለዚህ ሠራተኛው አብሯት ለመሥራት ፈቃደኛ ስላልሆነ እንድትሰናበት። የሚደግፍ?»

የአስተዳደር ኃላፊው እጁን ብድግ አደረገ። ዙሪያውን ቢያይ ሌላ እጅ የለም። እጁን ቀስ አድርጎ ወደ ራሱ አወረደና ጠጉሩን ማከክ ጀመረ።

 ውጭ አህያ አናፋ።

«የሚቃወም?» አሉ አቶ ልዑልቃል፣ ድምፃቸው እየቀጠነ።

ከምሰሶው ሥር እጅ ወጣ። ቀስ ብሎ አይደለም፣ ቀጥ ብሎ። ሰው ሁሉ ዞረ። ስንት ዓመት ሙሉ በዚህ ጥያቄ ላይ ተነስታ የማታውቅ እጅ ናት።

«እንግዲህ እትዬ ዛሬ ገባት» አለች ይርገዱ፣ በሹክሹክታ፣ ግን መጋዘኑ ሁሉ ሰማ።

ሌላ ተቃዋሚ አልወጣም። ሰው ልጅ አለው፣ የቤት ኪራይ አለው። አቶ ልዑልቃል ትንሽ ተነፈሱና፣ አፋቸው ስለለመደ ብቻ፣ «ድምፀ ተዓቅቦ?» አሉ።

ሰውአገኝ እጁን አየው። ዱቄት ያልለቀቀው፣ የጆንያ ገመድ የቆረጠው እጅ ነው። ከጉልበቱ ላይ ሲነሳ የሌላ ሰው እጅ መሰለው። ወደ ላይ ወጣ። ብቻውን ቆመ። የሱን ያህል ከባድ ጆንያ ተሸክሞ አያውቅም።

ከዚያ የይርገዱ እጅ ተነሳ። ከዚያ ከወንፊት ክፍል፣ ከማጠቢያው፣ ከጫኝና አውራጁ። እንደ ማሽላ። በሩ ላይ አያ ወልደ ዮሐንስ ስብሰባ ውስጥ ባይሆኑም ዱላቸውን ብድግ አድርገው ያዙ።

«ይሄ… ይሄ ቀልድ ነው!» አሉ አቶ ልዑልቃል። «እጅ አውርዱ። ስብሰባው አብቅቷል።»

«አላበቃም ጌታዬ» አለች ይርገዱ፣ በታላቅ አክብሮት። «ደንብ አለ። ድምፀ ተዓቅቦ ያደረገ ሰው ተነስቶ ምክንያቱን ለቤቱ ያስረዳል። ያወጡት እርስዎ ነዎት።»

ሰው ሁሉ ሰውአገኝን አየ። መጀመሪያ ያነሳ እሱ ነውና። ተነሳ።  በሰው ፊት ተናግሮ አያውቅም፣ በሠርጉ ዕለት እንኳ ሚዜው ነው የተናገረለት።

«አልገባኝም» አለ።

ቆመ። የእጁን ዱቄት አራገፈ።

«እትዬ የሰፋችው ጆንያ ሲፈታ አላየሁም። ሰው ስትሳደብ አልሰማሁም። ጥፋቷ ሐሳቧ ነው ይባላል። እኔ ዓመት ከዓመት ከጎኗ ቆሜ ውያለሁ፣ ስለ ፓርቲ ምን እንደምታስብ ዛሬም አላውቅም። እርስዎ ከቢሮዎ ሆነው እንዴት አወቁት? ደግሞ ብታስብስ? ዱቄቱ ይኮመጥጣል?» ሊቀመጥ ሲል አንድ ነገር ትዝ አለውና መልሶ ቆመ። «ሲገባኝ አነሳለሁ።»

ተቀመጠ። ይርገዱ ተነሳች። እሷ ከአፍ መሸፈኛ ነው የጀመረች፣ ሰርቪስ ላይ ስትደርስ አቶ ልዑልቃል ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ ቀጣዩ፣ ከዚያ ቀጣዩ። አንዱ ረጅም ይናገራል፣ አንዱ «እኔም እንደሱ» ብሎ ይቀመጣል፣ አንዷ ስለ ቅርጫው ስታነሳ አለቀሰች። ሁሉም ግን ሲጨርስ ያቺኑ ነው የሚላት። አልገባኝም፤ ሲገባኝ አነሳለሁ። አቶ ልዑልቃል ሁለት ጊዜ «በቃ ተረድቻለሁ» አሉ። ሁለት ጊዜም «ቤቱ ይስማ» ተባሉ። ሾፌራቸው ውጭ ጥሩምባ ነፋ። ራታቸው የሆነ ቦታ እየበረደ ነው።

ተራው ገና ከመጋዘኑ እኩሌታ ሳይደርስ አቶ ልዑልቃል ከረባታቸውን ፈታ አደረጉ። «አጀንዳው ተነስቷል» አሉ፣ ወረቀታቸውን አጥፈው። ተጨበጨበ። አባይነሽ ብቻ አላጨበጨበችም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ነበር።

ሌላ ምክንያት ሊገኝ ስላልቻለ እገዳው ተነሳ፣ እሷም ወደ ስፌት ማኪናዋ ተመለሰች። የመጀመሪያው ቀን ሰውአገኝ ጆንያ ሲያቀብላት ቀና ብላ አየችው።

«እኔ የምልህ፣ ምነው ከኔ ጋር አልተቃወምህም? ለብቻዬ አስቆምኸኝ።»

«እትዬ፣ ዓመቱን ሙሉ የተማርሁት ተዓቅቦ ነው። ተቃውሞ መቼ አስተማርሽኝ?»

ሳቀች። «ቀስ እያልህ» አለችውና ማኪናውን ረገጠች።

ዓርብ መጣ። አጀንዳው አንድ ብቻ ነው፣ የሰርቪሱ መመለስ። አቶ ልዑልቃል ያለ ከረባት ነው የመጡት። «የሚደግፍ?» ከማለታቸው መጋዘኑ እጅ በእጅ ሆነ። አንዳንዱ ሁለቱንም አንስቷል። ሰውአገኝም አነሳ። ከዚያ አንገቱን ቀስ አድርጎ ወደ ምሰሶው አዞረ። ነጠላዋ ውስጥ እጇ ተሰብስቧል።

«አይ እትዬ» አለ በልቡ።

«የሚቃወም? የለም። ድምፀ ተዓቅቦ?»

ወጣች። ቀስ ብላ፣ እንደ ድሮዋ። መጋዘኑ በአንድነት አቃሰተ።

«ምክንያትዎን ለቤቱ» አሉ አቶ ልዑልቃል። «እርስዎ» ማለት ጀምረዋል።

«ሰርቪሱ መመለሱ ሸጋ ነው፣ ጥል የለኝም» አለች አባይነሽ። «ያልገባኝ መንገዱ ነው። ፒያሳ አራግፎ ይመለሳል። ከቀሃ ማዶ የሚኖረው ሰው ዳገቱን በእግሩ የሚወጣ ለምንድን ነው? ይሄ ልጅ…» ብላ ሰውአገኝን በአገጯ ጠቆመች። «ዘንድሮ ስንት ጫማ እንደጨረሰ እኔ ነኝ የማውቅ። አስረዱኝ። ሲገባኝ አነሳለሁ።»

አቶ ልዑልቃል ማስረዳት ጀመሩ። ረጅም እንደሚሆን ሁሉም አውቆታል። ሰው ሁሉ ወደ ሰውአገኝ ዞሮ በዓይኑ ገላመጠው፣ በሱ ምክንያት ነውና። እሱም ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። «ኧረ እትዬ፣ እኔ መች አልሁ» እያለ አጉረመረመ። እያጉረመረመ ግን ከጆንያው ላይ ተነሳና ወደ ኋላ ሄደ፣ ከምሰሶው ሥር፣ ከጎኗ ተቀመጠ። ከኪሱ የገብስ ቆሎ አወጣ። ከቤቱ ሲወጣ ነው የያዘው፣ ዓርብ መሆኑን ያውቃላ። ግማሹን መዳፏ ላይ አፈሰሰላት።

ውጭ ሰርቪሱ ጥሩምባ ነፋ። የተነሳ ሰው የለም።